በአሬኪፓ የት፣ መቼና ምን ይበላል? ከፒካንቴሪያ እስከ ውድ ምግብ ቤት

ደቡብ ፔሩ፣ አሬኪፓ ድረስ ሄደው የከተማዋን ባህላዊ ምግብ ሳይቀምሱ የሚመለሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚስቱት ሰዓቱን ነው። ቀን ሲዞሩ ውለው ማታ በ1 ሰዓት ባህላዊ ምግብ ቤት ፍለጋ ይወጣሉ። በዚያን ሰዓት ምድጃው ጠፍቷል፣ ድስቱም ታጥቧል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከምግብ ቤት ስም ሳይሆን ከሰዓትና ከቀን ነው። ሰዓቱ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ወራቱና ዓመታቱ ግን የፈረንጆቹ ናቸው።

1ኛ፦ ቀኑን በምሳ ዙሪያ አዋቅሩት

ፒካንቴሪያ የአሬኪፓ ባህላዊ ምግብ ቤት ነው። ስሙ የመጣው “ፒካንቴ” ከሚለው ቃል ነው፤ የሚያቃጥል ማለት ነው። በማገዶ ምድጃ፣ በድንጋይ ወፍጮና በቺቻ (ከበቆሎ ብቅል የሚጠመቅ መጠጥ) ጋን ላይ የቆመ ቤት ነው፤ ሥራውን የሚመሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በ2014 የፔሩ መንግሥት የአሬኪፓን ፒካንቴሪያ የአገር ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

አብዛኞቹ ፒካንቴሪያዎች ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ ከፍተው ወደ 11 ሰዓት ይዘጋሉ። በጣም ጥሩው መግቢያ ሰዓት ከ6 እስከ 7 ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ ከገባችሁ የቀኑ ሾርባ አልቆ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ አንድ ድስት ተሠርቶ እስኪያልቅ ይሸጣል እንጂ እንደገና አይጣድም። ቁርስ ቀለል አድርጉ፤ ዳቦና ቡና ይበቃል። እራት ደግሞ ወይ ተዉት ወይ በመጨረሻ ለምንጠቅሳቸው ዘመናዊ ቤቶች አቆዩት።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር፦ አሬኪፓ 2,335 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከተማዋ አታስቸግረውም። ከጅዳ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ግን የመጀመሪያውን ቀን በቀላል ምግብ ይለፈው፤ ወተት፣ አይብና ሥጋ የሞላው ሾርባ ከአልኮል ጋር ሆኖ ያልለመደ ሰውነት ላይ ይከብዳል። ወደ ኮልካ ሸለቆ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መንገዱ 4,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ማለፊያ ስለሚሻገር በዋዜማው ፒካንቴሪያ ገብቶ እስከ አንገት መብላት ስህተት ነው።

2ኛ፦ ሾርባውን በሳምንቱ ቀን ምረጡ

“ቹፔ” የሚባለው ወፍራም ሾርባ በየቀኑ ይለያያል። አንዳንድ ቤት ቀን ያቀያይራል፤ የተለመደው ግን ይህ ነው፦

ሰኞ ቻኬ፦ ሥጋ፣ ድንችና አትክልት፣ ብዙ ጊዜም አንጀትና ጨጓራ ያለበት።
ማክሰኞ ቻይሮ፦ በውርጭ የደረቀ ጥቁር ድንች (ቹኞ)፣ ስንዴ፣ ባቄላና ሥጋ። የደጋ ሰው ምግብ ነው፤ ቹኞውን መጀመሪያ የሚቀምስ ሰው አፈር አፈር ሊለው ይችላል፣ ጠባዩ ነው።
ረቡዕ ቾቾካ፦ ተቀቅሎ ደርቆ በተፈጨ በቆሎ የሚወፍር።
ሐሙስ ቹፔ ኮሎራዶ፣ ማለትም ቀዩ፣ ወይም ሜኔስትሮን።
ዓርብ ቹፔ ደ ቪዬርኔስ፦ የካቶሊኮች የዓርብ ጾም ሾርባ።
ቅዳሜ ቲምፖ ወይም ፑቼሮ፦ ቅቅል ሥጋ፣ ጅራትም ጭምር፣ ከአትክልቱ ጋር።
እሑድ ነጩ ሾርባ፣ ካልዶ ብላንኮ። እሑድ ጠዋት ግን ሌላ ጉዳይ አለው፣ ከታች እንመለስበታለን።

ገብታችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ “ኬ ቹፔ አይ ኦይ?”፣ ዛሬ የትኛው ቹፔ ነው ያለው? ይህን የጠየቀ እንግዳ ነገሩን የሚያውቅ መሆኑን አስተናጋጇ ወዲያው ትረዳለች። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና መምረጥ ከቻላችሁ ማክሰኞን እንመክራለን፤ ቻይሮ የመሰለ ሾርባ ከአንዲስ ደጋ ውጭ ማግኘት ይከብዳል።

3ኛ፦ ቤቱን ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ያናዋራ ሰፈር ይሂድ። ከዋናው አደባባይ “ግራው” የሚባለውን ድልድይ ተሻግሮ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ላ ኑዌቫ ፓሎሚኖ እዚያ ነው፤ የምግብ ዝርዝሩ ሰፊ፣ ሳህኑ ትልቅ፣ ወረፋውም ረጅም ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከመከፈቱ በፊት በር ላይ መድረስ ያዋጣል። እዚያው ሰፈር ከ1897 ጀምሮ የሚሠራው ሶል ደ ማዮ የአትክልት ቦታ ያለው ሲሆን ለቱሪስት የለመደ ነው፤ ከልጆችና ከአዛውንት ጋር ለሚሄድ ይመቻል። የድሮውን ኩሽና ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ታክሲ ይዞ ሳቻካ ይሂድና ላ ሉሲላ ይግባ። ጥላሸት የጠጣው ግድግዳና የማገዶው ሽታ እዚያ አለ።

ስማቸውን ከማታውቋቸው ቤቶች ጥሩውን ለመለየት ሦስት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ፣ ቺቻውን ራሳቸው ይጠምቁታል? ሁለተኛ፣ ባታን አለ? ባታን ማለት እንደ እኛ ወፍጮና መጅ ያለ የድንጋይ መፍጫ ነው፤ ማባያው በእሱ ከተፈጨ ምላስ ላይ ሻከር ይላል፣ በማሽን ከተፈጨ እንደ ክሬም ልስልስ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የቀኑ ቹፔ በሰሌዳ ተጽፏል? በየቀኑ አንድ ዓይነት ሾርባ የሚያቀርብ ቤት ምግቡ ሊጣፍጥ ይችላል፤ የፒካንቴሪያን ሥርዓት ግን አይከተልም።

4ኛ፦ ተቀመጡ፣ በቅደም ተከተል እዘዙ

በድሮዎቹ ቤቶች ጠረጴዛው ረጅም ነው፤ ከማታውቁት ሰው ጎን ትቀመጣላችሁ። “ፕሮቬቾ” በሉ፤ መልካም ምግብ እንደማለት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ቺቻ ደ ጊኛፖ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፦ የጠላ ዘመድ ነው። ጥቁር በቆሎ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ብቅሉ ተፈጭቶ ለሰዓታት ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ከዚያ ይቦካል። እንደ ጌሾ ያለ መራራ ቅጠል ስለሌለበት ከጠላ ይልቅ ለጋና ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አልኮሉ ቀላል ቢሆንም በ“ኮጎዮ”፣ ማለትም በትልቁ ብርጭቆ ስለሚቀርብ ሳይታወቅ ይበዛል። ጥሩ ቺቻ ላዩ ላይ አረፋ አለው፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ቆይቷል፣ መልሱት። አልኮል የማይጠጣ ሰው “ቺቻ ሞራዳ” ይበል። ይህኛው ያልቦካ ነው፤ ሐምራዊ በቆሎ ከአናናስ ልጣጭ፣ ከቀረፋና ከቅርንፉድ ጋር ፈልቶ የሚቀዘቅዝ። “ቺቻ” ብቻ ብላችሁ ካዘዛችሁ በፒካንቴሪያ የሚመጣላችሁ የቦካው ነው።

ከዚያ ቹፔ፣ ከዚያ ፒካንቴ፣ ማለትም ወጡ። ትዕዛዙ ላይ የሚበላሸው መጠኑ ነው። አንድ ሳህን ቹፔ ለአንድ ሰው ሙሉ ምሳ ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ አንድ ቹፔ ከሁለት ማንኪያ ጋር፣ አንድ “ዶብሌ” ወይም “አሜሪካኖ”፣ አንድ ሰላጣ። ዶብሌ ሁለት ዓይነት ወጥ በአንድ ሳህን ነው፤ አሜሪካኖ የብዙ ዓይነቱ ቅልቅል ነው፤ በያይነቱ እንደማለት። ሁለት ሰው አራት ሳህን ሲያዝ ግማሹ ይተርፋል፤ የተረፈውን “ፓራ ዬባር” ብላችሁ ማስጠቅለል ነውር የለውም።

ከሰላጣዎቹ ሁለቱ አያምልጧችሁ። ሶልቴሮ ባቄላ እሸት፣ በቆሎ፣ ነጭ አይብ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ወይራና ቃሪያ በኮምጣጤ ነው። ኤስክሪባኖ ደግሞ የተቀቀለ ድንች፣ ቲማቲምና ሮኮቶ ቃሪያ በዘይትና በኮምጣጤ፤ በቀላሉ የሚሠራ ነው፣ ከቺቻ ጋር ግን የሚስተካከለው የለም።

ኦኮፓ በቅቅል ድንች ላይ የሚፈስ ማባያ ነው፦ የደረቀ ቢጫ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ለውዝ፣ አይብ፣ ብስኩትና ዋካታይ የሚባል ኃይለኛ ሽታ ያለው ቅጠል አንድ ላይ ይፈጫሉ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው አይንካው።

5ኛ፦ ሮኮቶ ሬዬኖን በጥንቃቄ ያዙት

የከተማዋ ዋና መታወቂያ ይህ ነው፤ ስንግ ቃሪያ ብትሉት አትሳሳቱም። ሮኮቶ ቲማቲም የሚመስል፣ ክብና ሥጋ ያለው ቃሪያ ነው፤ ፍሬው ጥቁር ነው። ኩሽና ውስጥ ፍሬውና ነጩ ጅማት ተፍቆ ይወጣል፣ ከዚያ ውኃው እየተቀየረ በጨውና በስኳር ደጋግሞ ይፈላል። ከዚያ የተከተፈ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ወይራ፣ ዘቢብና ለውዝ ተሞልቶ፣ አይብ ተደርጎበት፣ እንቁላልና ወተት ፈሶበት ይጋገራል።

በሚጥሚጣ ያደገ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። የሮኮቶ ማቃጠል ቶሎ አይመጣም፤ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ድንገት ይነሳል፤ ማፍላቱም ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጎኑ ትንሽ ቆርጣችሁ ቅመሱ፤ ወደ እንጨቱ ያለውን ክፍል ለመጨረሻ አቆዩት፣ ጅማቱ የሚቀረው እዚያ ስለሆነ። ከሮኮቶው ጋር የሚቀርበው የድንችና የአይብ ንብርብር፣ ፓስቴል ደ ፓፓ፣ ለማስዋብ የመጣ አይደለም፤ በየጉርሻው አብሮ ይበላል። ካቃጠላችሁ ውኃ አትጠጡ፤ የቃሪያው ማቃጠያ በውኃ አይሟሟም፣ ወደ ጉሮሮ ይበልጥ ይሰራጫል እንጂ። ወተት ወይም አይብ ነው የሚያበርደው።

6ኛ፦ የወንዝ ሽሪምፕ ወቅት አለው

ቹፔ ደ ካማሮኔስ ከማጄስ፣ ከካማናና ከኦኮኛ ወንዞች በሚመጣ ሽሪምፕ፣ በወተት፣ በድንች፣ በባቄላ፣ በእንቁላልና በዋካታይ የሚሠራ ነው። ከዲሴምበር መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ፣ እንስሳው በሚራባበት ጊዜ፣ ማጥመድና መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። በእነዚያ ወራት የሚያቀርብላችሁ ቤት ወይ የባሕር ሽሪምፕ ተክቷል ወይ ሕግ ጥሷል፤ በሁለቱም መንገድ ማዘዝ አይገባም። ለዚህ ምግብ ብላችሁ የምትጓዙ ከሆነ ከኤፕሪል በኋላ ሂዱ።

7ኛ፦ የማትበሉት ነገር ካለ ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ፣ ኦርቶዶክስም ሆነ ሙስሊም ወይም ቤተ እስራኤል፣ አሳማ አይበላም። በአሬኪፓ ኩሽና ደግሞ አሳማ ብዙ ቦታ ይገባል፤ አዶቦና ቺቻሮን ሙሉ በሙሉ አሳማ ናቸው፣ በሮኮቶው ውስጥ ያለው ሥጋም አንዳንዴ የተቀላቀለ ነው። “ኖ ኮሞ ቻንቾ” በሉ፤ አሳማ አልበላም ማለት ነው። “ያለ ሥጋ” ብቻ ማለት አይበቃም፣ መረቁ ከአጥንት ሊሆን ይችላልና። ሳንግሬሲታ የደም ጥብስ ነው። ኩይ ደግሞ ከጥንቸል የሚያንስ፣ ጅራት የሌለው የቤት እንስሳ ነው፤ “ቻክታዶ” ሲባል በድንጋይ ተጭኖ በብዙ ዘይት ተጠብሶ፣ ከነጭንቅላቱ ይቀርባል። ትኩስ ተሠርቶ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በአምስት ደቂቃ የመጣ ኩይ ቀድሞ ተጠብሶ የተሞቀ ነው፣ ቆዳውም እንደ ጎማ ይሳባል።

ጾመኛ ረቡዕና ዓርብ ምን ይብላ? የዓርቡ ሾርባ “የጾም” ቢባልም የእኛን ጾም አያሟላም፤ ወተት፣ አይብና እንቁላል አለው። የሚያዋጣው ኤስክሪባኖ፣ ሶልቴሮ “ሲን ኬሶ” (ያለ አይብ)፣ የተቀቀለ በቆሎና ባቄላ ነው። ኦኮፓና ፓስቴል ደ ፓፓ ሥጋ ስለሌላቸው የጾም ይመስላሉ፤ ሁለቱም ወተትና አይብ አለባቸው። “ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ፣ ሲን ዌቮ” ብላችሁ ሦስቱንም ለይታችሁ ጥሩ።

8ኛ፦ እሑድ ጠዋት አዶቦ

አሳማ የማይበላ ይህን ይዝለለው። አዶቦ በቺቻ አተላ፣ በቀይ ቃሪያ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኦሬጋኖ ቅዳሜ ማታ ተነክሮ ያደረ አሳማ፣ ሌሊት በሸክላ ድስት የሚበስል ነው። ሥጋውን የሚያለሰልሰው የአተላው ኮምጣጣነት ነው። ሰው ከንጋት ጀምሮ ካይማ አደባባይ ዙሪያ ይሰለፋል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚቀረው መረቁ ነው። የሚበላው “ትሬስ ፑንታስ” በተባለው ባለ ሦስት ጫፍ ዳቦ እያጠቀሱ ነው፤ ዳቦው እንዲጠጣ እንጂ እንዲፈርስ አይፈለግም፣ ስለዚህ ቁራሹን ቶሎ ነክራችሁ ቶሎ አንሱ። ቀጥሎ የአኒስ አረቄ ጠብ የተደረገበት ሻይ ይመጣል።

9ኛ፦ ሳን ካሚሎ ገበያ

መሀል ከተማ ያለው ይህ ገበያ ጠዋት ነው የሚያምረው። ጁስ ጨማቂዎቹ በተርታ ተቀምጠው ይጠራሉ፤ ሻጯን “ካሴሪታ” በሏት፣ ደንበኛዬ እንደማለት ነው። ብርጭቋችሁን ስትጨርሱ ከማሽኑ የተረፈውን ትጨምርላችኋለች፤ “ያፓ” ይባላል፣ ምርቃት ማለት ነው። ካልሰጠች ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። ጁሱን በፈላ ውኃ ወይም በወተት አሠሩ፤ የቧንቧ ውኃ አይጠጣም።

ኬሶ ኤላዶ እዚያው ቅመሱ። ስሙ “የቀዘቀዘ አይብ” ቢልም አይብ የለበትም፤ ወተት፣ ኮኮናትና ቀረፋ ነው። በበረዶና በጨው መሀል በሚሽከረከር ጎድጓዳ ብረት ግድግዳ ላይ እየረጋ ሲፋቅ እንደ ተቆረጠ አይብ ስለሚደራረብ ነው ስሙን ያገኘው። ትክክለኛው በስስ ቅጠል መልክ ይነሳል፤ ክብ ሆኖ በማንኪያ የወጣ ከሆነ ተራ አይስክሬም ነው።

10ኛ፦ ውድ ቤቶች

እነዚህን በመጨረሻ ያስቀመጥናቸው በምክንያት ነው። የፔሩ ዘመናዊ ምግብ አብሳዮች ሥራ የሚገባው መነሻውን ለቀመሰ ሰው ነው፤ ኦኮፓን በባታን ሳትቀምሱ ዘመናዊውን ብትበሉ ምን እንደተለወጠ አታውቁም።

የጋስቶን አኩሪዮ “ቺቻ” በሳንታ ካታሊና ገዳም አቅራቢያ፣ በነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ሲያር) በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። የክልሉን ምግብ በትንንሽ ሳህን ስለሚያቀርብ በፒካንቴሪያ ብዛት ለሚደነግጥ ሰው መግቢያ ይሆነዋል። ዚግ ዛግ ደግሞ ሥጋን በጋለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ያቀርባል፤ የአልፓካ ሥጋ ለመሞከር ጥሩ ቦታ ነው። ለሁለቱም፣ በተለይ ለዓርብና ለቅዳሜ ማታ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

ድንጋዩ ላይ የሚበላሸው ይህ ነው፦ አልፓካ ስብ የለውም፤ ሥጋው ጠረጴዛ ላይ ከደረሰ በኋላም ድንጋዩ ማብሰሉን ስለማያቆም ለወሬ ብትዘገዩ ደርቆ ቋንጣ ይሆናል። “ተርሚኖ መዲዮ” ብላችሁ መካከለኛውን እዘዙ። ሲደርስ ወዲያው በቀጭኑ ቆራርጡት፤ የወደዳችሁትን ያህል የበሰለውን ከድንጋዩ አንስታችሁ ወደ ሳህናችሁ ዳር አውጡ። በደንብ የበሰለ የሚፈልግ ሰው “ትሬስ ኳርቶስ” ይበል፤ “ቢዬን ኮሲዶ” ለአልፓካ አይሆንም። በአንድ ድንጋይ ላይ የተለያየ ሥጋ ስለሚቀርብም አሳማ መኖር አለመኖሩን ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ።

11ኛ፦ ሂሳብና መውጫ

በዝርዝሩ ላይ ያለው ዋጋ ግብር የተካተተበት መሆን አለበት። ውድ ቤቶች የአገልግሎት ክፍያ ከጨመሩ ሂሳቡ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ እሱ ካለ ጉርሻ መድገም አያስፈልግም፣ ከሌለ 10 በመቶ ጥሩ ነው። ለገበያና ለትንንሽ ፒካንቴሪያ ዝርዝር ሶል ያዙ፤ ባለ 100 ሶል ኖት ይዞ ጁስ መግዛት ሻጯን ያስቸግራል። ከባድ ቅሬታ ካላችሁ “ሊብሮ ደ ሬክላማሲዮኔስ” ጠይቁ፤ ማንኛውም ቤት የቅሬታ መዝገብ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ኦገስት 15 የከተማዋ ልደት ነው። በዚያ ሳምንት ከሄዳችሁ ፒካንቴሪያ በር ላይ ከ5 ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፣ ለማታውም ቤት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። ከምሳ በኋላ “ፕሬንዴ ይ አፓጋ” ካቀረቡላችሁ ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አንዲት መለኪያ የአኒስ አረቄ፣ እሷ “ትለኩሳለች”፤ ቀጥሎ አንድ ጉንጭ ቺቻ፣ እሱ “ያጠፋል”። ከአንድ ዙር በላይ የጠጣ ሰው ወደ ያናዋራ አደባባይ ወጥቶ ሚስቲ የሚባለውን እሳተ ገሞራ እያየ ይረፍ እንጂ መኪና አይንዳ።